የደጀን ስልክ

ንጋት ላይ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከመደቡ ሥር ካለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ስልክ ይጮኻል። የደጀን ስልክ ነው። ደጀን በሕይወት ሳለ፣ በአስጎብኚነቱ ዘመን፣ እንግዶቹን ከሆቴል ተቀብሎ ለማለዳ ቅዳሴ ቤተ ማርያም ለማድረስ የሞላው የማንቂያ ደወል ነበር። እሱ ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ለደወሉ ግን ባለቤቱ መሞቱን የነገረው የለም። ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ጣት አልቀበል ስላለ ማንም ሊያጠፋው አልቻለም። እናቱ አዛለች ደግሞ ማታ ማታ ከሳጥኑ እያወጣች ቻርጅ ላይ ትሰካዋለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። በየማለዳው ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ነቅተው፣ ዐይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው፣ ደወሉ በራሱ እስኪዝል ይጠብቃሉ። አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ አባቱ ባዘዘው ጉሮሯቸውን ጠርገው በስመ አብ ይላሉ፤ እናቱ ነጠላዋን በዳበሳ ትፈልጋለች፤ እኅቱ መክሊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ገና እንዳልነቃች ትሆናለች።

በዚያ የሚያዝያ ማክሰኞ መክሊት ጓሮ ቆማ ፊቷን ስትታጠብ፣ ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ እናቷ ከጎረቤታቸው ከአስቻለች ጋር ስታወራ ሰማች። ወሬው የጀመረው በሽንኩርት ነበር፤ ኪሎው መቶ ሃያ ገባ፣ የቅዳሜ ገበያ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፣ ከኩልመስክ የሚመጣው ድንች እንኳ ተወደደ። ከዚያ እናቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ ጆሮ ይስባል።

«የአገሩን ስልክ ትከፍታለች» አለች አዛለች። «የሞተውን፣ ያለውን፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ። የወንድሟ ግን ይኸው ስምንት ወር ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቀን ‹እማዬ፣ እስኪ አምጪው› ብላኝ አታውቅም።»

«ፈርታ ይሆናላ» አለች አስቻለች።

«የገዛ ወንድሟን ምን ብላ ትፈራዋለች? እኔ እንጃ። እሱ የወደዳትን ያህል አልወደደችውም መሰለኝ።»

መክሊት እፍኟ ውስጥ የነበረው ውኃ በጣቶቿ መሐል ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ቀረች። ሌላ ሰው ይህን ቢልባት አጥሩን ተሻግራ ትሟገት ነበር። የእናቷ ቃል ግን መልስ ነበረው፤ መልሱ ደግሞ ከክሱ የሚብስ ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል አባቷ የሚቀርጿቸው የእንጨት መስቀሎች መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፤ ፈረንጅ በብዛት ይመጣ በነበረበት ዘመን አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይሸጥ ነበር፤ አሁን እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን በጨርቅ ትጠርጋለች። ከመደርደሪያው በላይ፣ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ፣ የመክሊት ዲግሪ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይላል። ታችኛው ጥግ ላይ ጭቃ የነካው ቡናማ ጠባሳ አለ፤ አባቷ ክፈፉን ሰፋ አድርገው ስለሠሩት አብዛኛው አይታይም። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ደሴ ወርዶ ነበር፤ እግረ መንገዱን የእኅቱን ዲግሪ ከጓደኛዋ ተቀብሎ፣ ሳትነግረው ሳትጠይቀው ሊያስደንቃት ይዞላት ሲመጣ፣ ከጋሸና ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሚኒባሱ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሰው ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አንዳንዱ መክሊትን አየት አድርጎ «እንዲህ ያለ ወንድም!» ይላል። መክሊት ታሪኩን መጀመሪያ የሰማችው ድንኳን ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነው። ያን ቀን ዝም አለች። በማግስቱም ዝም አለች። አርባው ከወጣ በኋላማ ከየት ተነሥቶ እንደሚነገር ጠፋት።

እናቷ ባልዲውን ይዛ ስትገባ መክሊት መሐል ክፍሉ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እማዬ፣ ስልኩን ዛሬ ልውሰደው።»

አዛለች ባልዲውን አስቀመጠች። ልጅዋ እንደሰማቻት ገባት፤ ግን አላስተባበለችም። መደቡ ሥር ጎንበስ አለችና ሳጥኑን ሳበችው።

«ምን ያደርግላችኋል?» አሉ ባዘዘው። የጀመሩትን መስቀል ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም፤ ቢላዋው ብቻ ቆመ። «ተዉት፣ ይቀመጥ። የሞተ ሰው ኪስ አይፈተሽም።»

«ድምፁን እፈልጋለሁ» አለች አዛለች፣ ለማንም እንደማትናገር ሁሉ። ስልኩን በነጭ መሐረብ ጠቀለለችና ለልጅዋ ሰጠቻት።  መክሊት ከቤት ስትወጣ ቢላዋው ገና ሥራውን አልጀመረም ነበር።

ቁልቁለቱን እየወረደች ስልኩን ከጃኬቷ ኪስ ውስጥ በመዳፏ ያዘችው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ሆቴሎች የሁለቱ በር በሰንሰለት እንደተቆለፈ ነው፤ የሦስተኛው ዘበኛ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ለመመረቂያ የሠራችው ሥራ የእነዚህን ሆቴሎች አልጋ ከየትም አገር ሆኖ የሚያስይዝ ድረ ገጽ ነበር፤ መምህራኑ አጨብጭበውላታል። አራት ዓመት የተባለው ትምህርት በወረርሽኙና በጦርነቱ እየተቆራረጠ ስድስት ዓመት ፈጅቶ፣ የመውጫ ፈተናውን በሰባ አንድ አልፋ ስትመለስ፣ ላፕቶፗን ታቅፋ ከሆቴል ሆቴል ዞረች። አንዱ ባለሆቴል እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አይተውላት፣ «ግሩም ነው ልጄ፤ በጣም ግሩም ነው። እንግዳውንስ ከየት አስገባሽው?» አሏት። በዚያ ላይ ዳታው ከተዘጋ ቆይቶ ነበር፤ ድረ ገጹን ራሷም መክፈት አልቻለችም። የክፍሏ ልጆች የተበተኑት እንደ ዕድላቸው ነው። አንዱ አዲስ አበባ የሶፍትዌር ድርጅት ገብቶ ጥሩ ይከፈለዋል ይባላል፤ ሁለቱ ባንክ ቤት ተቀምጠው የደንበኛ ስም ይጽፋሉ፤ አንዷ ሲም ካርድ ትሸጣለች፤ አንዱ አዳማ ሲሚንቶ ያስጭናል፤ ፈይሩዝ ደሴ ላይ ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ አልወጣችም። ኔትወርክ ብልጭ ያለ ቀን የቡድናቸው መልእክት በሺህ እየሆነ ይዘንባል፤ ግማሹ ክፍት የሥራ ቦታ ነው፤ ቀኑ ሁልጊዜ ያለፈ ነው። ለሰፈሩ ሰው ደግሞ መክሊት «ኮምፒዩተር የተማረችው» ናት፤ ዲሽ ሲበላሽ ይጠሯታል፣ ራዲዮ ሲታፈን ይጠሯታል፣ አንዴማ የልብስ ስፌት መኪና አምጥተውላታል።

የምትሠራው መሐመድኑር ሱቅ ነው። ሁለት ሜትር በሦስት የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ የስልክ ሽፋን ተንጠልጥሏል፤ ከመስታወቱ ሥር «የስክሪን መከላከያ 150» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። መሐመድኑር የወልዲያ ልጅ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፤ ግን ማሞቂያውንና መርፌ የመሰለውን መፍቻውን ከያዘ የማያስነሣው ስልክ የለም። እሱ አካሉን ይጠግናል፣ እሷ ውስጡን ትከፍታለች። መጀመሪያ ሰሞን፣ ስድስት ዓመት ተምራ ካልተማረ ሰው ሥር መቀመጧ ያስከፋት ነበር፤ ቆይቶ ግን ከመምህራኖቿ ሁሉ ይልቅ እሱ እንዳስተማራት ገባት። ከጦርነቱ ወዲህ የሞተ ሰው ስልክ ይመጣል። የወታደር፣ የሹፌር፣ የወላድ። ቤተ ዘመድ ፎቶውን፣ ድምፁን፣ አንዳንዴ ስሙን ብቻ ይፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ገንዘብ እንዳይወሰድ የወሰነው መሐመድኑር ነው፤ ምክንያቱን ስትጠይቀው «ሐራም ባይሆንም ያስጠላል» አላት።

መሐረቡን ፈትታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አወቀው። ደጀን ወደ ኮን ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚህች በር ላይ ቆሞ ከመሐመድኑር ጋር ሲሳሳቅ ይውል ነበር።

«ስክሪኑን ቀይርልኝ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «አብሽሪ» አለ፣ ወንበሩን ሳበና መብራቱን አበራ።

ረፋዱ ላይ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል መርጌታ ገብረ ዮሐንስ መጡ። ባለፈው ሳምንት የሟች ባለቤታቸውን ስልክ ትተው ሄደው ነበር፤ አዲስ አበባ ያለ ልጃቸው የላከላት፣ ብዙም ሳትለምደው የሞተችበት ስልክ ነው። ለዚህ ብለው ከሌሊት ጀምሮ በእግራቸው መጥተዋል። መክሊት ወንበር ሰጠቻቸው፤ ውኃ ቀዳችላቸው። አብዛኛው ፎቶ የጣት ጥላ ነበር፤ መሬት፣ ቀሚስ፣ የግድግዳ ጥግ። ድምፅ ግን አንድ ተገኝቷል። ሴትዮዋ ሳታውቅ ነክታው የተቀዳ ነው።

«መርጌታ፣ አንድ ነገር ተቀድቷል» አለች መክሊት። «ግን እንጃ፣ የሚያስደስትዎ አይመስለኝም።»

«አሰሚኝ እስኪ።»

ከፈተችው። መጀመሪያ የጨርቅ መንኮሻኮሽ፤ ከዚያ የሴት ቁጣ፣ ሱቁን ሞላው። «እርስዎ ሰውዬ! ዶሮዋ ደጅ አደረች እኮ! ጥሎብኝ መጽሐፉን ከያዙ ቤት ቢቃጠል አይሰሙ! አሁን ቀበሮው ቢበላት ዳዊት ይደግሙላት ነበር?» አሥራ አንድ ሴኮንድ ብቻ ነው። መርጌታ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ። ድገሚልኝ አሏት። ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው።

«የተበላሸውን ፎቶ ላጥፋልዎ ወይስ አብሮ ይቀመጥ?» አለች። «ቁጣውንም ልጆቹ እንዳይሰሙት ከፈለጉ…»

«ምኑን ነው የምታጠፊው?» መርጌታ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ደግ ደጉንማ ቀብሯ ላይ ጠግቤ ሰማሁ። ደግ ነበረች፣ ዝምተኛ ነበረች አሉ። ዝምተኛ! እኔ ማንን እንደቀበሩ ግራ ገብቶኝ ነበር። እሷ ይቺ ናት፣ ልጄ። ይቺን ሰውረሽ ሌላ ብትሰጪኝ ምን ይጠቅመኛል?»

መርቀዋት ሄዱ። መክሊት ቁልቁለቱን ሲወርዱ እስኪሰወሩ ድረስ በዐይኗ ሸኘቻቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መሐመድኑር የደጀንን ስልክ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። አዲሱ ስክሪን በርቷል፤ ዘጠኙ ነጥቦች ተሰልፈው የመክፈቻውን መስመር፣ ፓተርኑን፣ ይጠይቃሉ። «ይኼን መቼም ታውቂበታለሽ» አለና ሰላት ደርሶበት ወጣ። ታውቅበታለች። ፓተርኑን የሞላችለት ራሷ ናት፤ ስምንት ወር ሙሉ ምንም የሚያስቸግር ነገር አልነበረም፤ ስክሪን መቀየር ብቻ ነበር። ጣቷን አሳረፈችና ከፈተችው።

መልእክቶቹ እንዳሉ ነበሩ። ባለፈው ነሐሴ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ፈልጎ አሥራ ስምንት ሰው ተፈተነ፤ መክሊት አንደኛ ወጣች፤ እስከ ዓርብ ዋናውን ዲግሪ አምጪ አሏት። ዲግሪው ደሴ ነበር፤ መንገድ ተከፈተ ሲባል ተጣድፋ ስትመጣ ፈይሩዝ ትቀበልልሽ ተብሎ የቀረ። እሷ ደግሞ ሐሙስ የተግባር ፈተና ስለነበረባት መሄድ አልቻለችም። ደጀን ያን ጊዜ ኮን ላይ፣ ከሚሠራ ሕንፃ ሥር ነበር። ሁለቱ የተጻጻፉትን አሁን ከላይ ወደ ታች አነበበችው።

«ደጄ አንደኛ ወጣሁ!! ዋናውን ዲግሪ እስከ ዓርብ አሉኝ። ሄደህ አምጣልኝ።»

«እሰይ የኔ ጎበዝ። ግን መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ፣ ዝናቡም ከብዷል። ለሌላ ሳምንት አይሉሽም?»

«ሌላ ሳምንት ሥራው የሰው ነው።»

ለዚህ ግማሽ ቀን መልስ አልነበረም። ከዚያ ደግሞ የእሷ ነው፤ «በቃ ተወው። አንተ እንግሊዝኛህን ይዘህ ሲሚንቶ ተሸከም። እኔም እንዳንተ ከንቱ ሆኜ እቀራለሁ።»

«እሺ አትቆጪ። ነገ ጠዋት እወርዳለሁ። ለአባባ እንዳትነግሪያቸው፣ ይጨነቃሉ።»

የመጨረሻው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተላከ ነው። «ይዤዋለሁ። ስምሽ አምሮ ተጽፏል።»

መክሊት እነዚህን ቃላት በቃሏ ታውቃቸዋለች። ከራሷ ስልክ ላይ ለቅሶው ሳያልቅ አጥፍታቸው ነበር፤ ከጭንቅላቷ ግን አልጠፉም። የሷን ዐረፍተ ነገሮች በእሱ ስልክ ላይ፣ እሱ ባየበት መልክ ስታያቸው ግን ሌላ ሰው የጻፋቸው መሰሏት፤ ያን ሰው ጠላችው። አጠፋፉ ቀላል ነው። የትኛውም ባለሙያ መልሶ እንዳያገኘው አድርጎ ማጥፋትም ታውቃለች፤ ይህን በሦስተኛ ዓመት ተምራዋለች። እናቷ ማንበብ አትችልም፤ አባቷ ሲደወልላቸው ከማንሣት በቀር ስልክ አይነካኩም። የሚያውቅባት የለም። የራሷን ሦስት መልእክት መረጠች። ከዚያ ግን የእሱን ተመለከተች። የእሷን ብቻ ብታጠፋ «እሺ አትቆጪ» የሚለው ብቻውን ይቀራል፤ ማን ተቆጥቶ ነው ያስብላል። የእሱንም ብታጠፋ ደግሞ ያ የአባቷ ታሪክ ውስጥ ያለው፣ ሳይጠየቅ ሊያስደንቃት የሄደው ልጅ ብቻ ይተርፋል። ደጀን ግን ፈርቶ ነበር። ፈርቶም ሄደ። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። መርጌታ ማንን እንደቀበሩ ግራ ገብቶኝ ነበር ያሉት ትዝ አላት። ምርጫውን መልሳ አነሣችው።

ከመዝጋቷ በፊት የጥሪዎቹን ዝርዝር አየች። ደጀን በሕይወቱ መጨረሻ የደወለው ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ነው። «አባባ» ይላል። አራት ደቂቃ አውርተዋል። አባቷ ስለዚህ ጥሪ ለማንም ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ስልኩን በመሐረቡ ጠቀለለችና፣ መሐመድኑር ከመስጊድ ሲመለስ ዛሬ ቀደም ብላ እንደምትሄድ ነገረችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አባቷ ከመደርደሪያው ሥር፣ እናቷ መደቡ ላይ ነበሩ፤ ምንም የማይሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ የዋሉ ይመስላሉ። መክሊት ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። የተቀዳ ድምፅ ዘጠኝ ተገኝቷል፤ ሁሉም ደጀን ለእንግዳ የሚናገረውን ሲለማመድ ነው። ክፍሉን እንግሊዝኛ ሞላው፤ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት፤ ይሳሳታል፣ በራሱ ይስቃል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አዛለች አንድም ቃል አልገባትም፤ አንድም ቃል አላመለጣትም። ስድስተኛው ላይ፣ ንግግሩ መሐል፣ ከሩቅ የሴት ድምፅ «ደጀን! ና ብላ፣ ቀዘቀዘ!» ይላል፤ እሱም «መጣሁ እማዬ» ይላል። አዛለች አፏን በነጠላዋ ያዘች። የራሷን ድምፅ መጀመሪያ አላወቀችውም ነበር።

መክሊት ድምፁን አቆመችው። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ታውቃለች።

«እማዬ፣ ሌላም አለ። እኔ ነኝ የላክሁት። ደሴ ሂድልኝ ያልሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ክፉ ነው አለኝ፤ ሰደብሁት።» ከዚያ አነበበችላቸው፤ አንዱንም ሳትዘል፣ «ከንቱ» የሚለውንም ሳትዘል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደምታነብ ሁሉ አነበበች።

ባዘዘው ተነሡ። መስቀሉ ከጉልበታቸው ላይ ወደቀ፤ አላነሡትም። በሩን ከፍተው ወጡ።

 ጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። «እሺ ብሏል?» አለች አዛለች በመጨረሻ።

«እሺ ብሏል።»

«ሳይቆጣሽ?»

«ሳይቆጣኝ።»

«ወይ ልጄ» አለች አዛለች፤ ማንኛውን ልጇን እንደሆነ አልታወቀም። የመክሊትን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ አጥብቃ ያዘች፤ እስኪያማት ድረስ። «ይኼን ይዘሽ ነው ስምንት ወር እንጀራዬን ስትበዪ የከረምሽው? እኔ ደግሞ አልወደደችውም ብዬ ሰው ፊት አማሁሽ።» ለጥቂት ጊዜ አብረው አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያወጡ። ከዚያ አዛለች በነጠላዋ የልጅዋን ፊት ጠረገችላትና፣ «ሂጂ፣ አባትሽን አስገቢያቸው። በብርድ ነው የወጡት» አለቻት።

ባዘዘው የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ የላስታ ተራሮች እየጠቆሩ ናቸው። መክሊት መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢመቷትም ዝግጁ ነበረች።

«አባባ፣ ይግቡ።»

ባዘዘው አልተነሡም። ፊታቸውን ከተራራው ሳያነሡ፣ «የደወለውንም አይተሽዋል?» አሏት።

«አይቼዋለሁ።»

«ደሴ መናኸሪያ ሆኖ ነው። ዝናቡ አላባራም፣ ሹፌሩም ልጅ ነው፣ ዛሬን ፈይሩዝ ቤተሰቦች ጋ ልደር ወይ አለኝ። ምን ይዘህ ነው አልሁት፤ ነገረኝ። ነገ ዓርብ መሆኑን ነገረኝ።»  አሁን ድምፃቸው የሽማግሌ አልነበረም፤ ሲገረፍ የዋለ ልጅ ድምፅ ነበር። «ደስ አለኝ። ስምሽ ያለበትን ወረቀት ዓርብ ጠዋት በእጄ ይዤ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ልሸኝሽ አሰብሁ። እግዚአብሔር ይከተልህ፣ ና አልሁት።»

መክሊት አጥሩን ያዘች። ድንኳኑ ውስጥ የሰማችው ታሪክ፣ ስምንት ወር ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ የተነገረው፣ እሷን ሊሸሽጉበት ነው ወይስ ራሳቸውን? ምናልባት እሳቸውም አያውቁትም።

«ለምን አልነገሩንም?» አለች።

«አንቺስ?» አሉ ባዘዘው።

ከኋላቸው ድምፅ ሰሙ። አዛለች ደጃፉ ላይ ቆማለች። ስልኩ በእጇ ነው፤ ሌላ የተቀዳ ካለ እንድትከፍትላት ልጅዋን ፍለጋ ወጥታ ነበር። ሁሉንም እንደሰማች ከአቋቋሟ ታወቀ። መክሊትን አላየቻትም፤ የምታየው ባሏን ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችውን፣ ማታ ማታ ስልኩን ስትሰካ ከመደቡ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ የሚያያትን ሰው። ባዘዘው ከድንጋዩ ላይ ሊነሡ ሞከሩ፤ «አዙዬ» አሉ። 

አዛለች አልጮኸችም፤ ደረቷን አልመታችም። ለልጅዋ የነበራት ቃል ለባሏ አልተገኘላትም። ዞራ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ቀስ አድርጋ መለሰችው። የመቀርቀሪያው ድምፅ አልተሰማም፤ በሩ ክፍት ነው። ባዘዘው ግን ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ መምጣት ጀመረ፤ ጋቢያቸውን ቤት ትተውት ወጥተዋል፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። መክሊት በሩን አየች፤ አባቷን አየች። ከዚያ አጥሩ ላይ ወጣችና ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻቸውን እስኪነካ ድረስ ጠጋ አለች።